ኩሬን የሚፈውስ ቅርጻ ቅርጽ

በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ የሚቆም ሐውልት አብዛኛውን ጊዜ የሚታይ እንጂ የሚሠራ ነገር አይደለም። መንገደኛው ቆም ብሎ ይመለከተዋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣበታል፤ ከዚያም ያልፋል። በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ዳላስ ከተማ፣ ፌር ፓርክ በተባለው መናፈሻ የሚገኘው የፓትሪሺያ ጆሃንሰን ሥራ ግን ከዚህ ይለያል። ይህ ቅርጻ ቅርጽ የታመመን ኩሬ ለመፈወስ ታስቦ የተሠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የኩሬውን ሕመም፣ ቀጥሎም የተሰጠውን መድኃኒት እንመለከታለን።

ኩሬው ለምን ታመመ?

ኩሬው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1936 የቴክሳስ መቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን በመናፈሻው በተካሄደበት ወቅት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን ዳርቻው በውኃ እየተሸረሸረ፣ ውኃው ደፍርሶ በዋቅላሚ (አልጌ) የሚሸፈን ሆኖ ነበር። የችግሩ ምንጭ ከኩሬው ውጪ ነበር። በዙሪያው ላለው የሣር መስክ የሚጨመረው ማዳበሪያ ዝናብ በጣለ ቁጥር እየታጠበ ወደ ኩሬው ይገባ ነበር።

ሣርን የሚያለመልሙት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አልጌንም ያለመልማሉ። የበዛው አልጌ ብርሃን ወደ ውኃው ውስጥ እንዳይዘልቅ ይጋርዳል። ሲሞት ደግሞ ባክቴሪያዎች ያበሰብሱታል፤ ለዚህም በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጠቀማሉ። በዚህ ምክንያት ዓሦች ታፍነው ሊሞቱ ይችላሉ። ውኃ በንጥረ ምግብ ከመጠን በላይ የሚበለጽግበት ይህ ሂደት ዩትሮፊኬሽን ይባላል።

የአንድ ግራም ፎስፈረስ ጉዳት

ጉዳቱን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። አልፍሬድ ሬድፊልድ የተባሉት ሳይንቲስት በባሕር ላይ ባካሄዱት ጥናት እንዳሳዩት፣ በጥቃቅን ተንሳፋፊ ሕያዋን ውስጥ ለ1 የፎስፈረስ አቶም በአማካይ 16 የናይትሮጅንና 106 የካርቦን አቶሞች ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ሲበሰብስ 138 ያህል የኦክስጅን ሞለኪውሎች ያስፈልጋሉ።

1 ሞል ፎስፈረስ 31 ግራም፣ 138 ሞል የኦክስጅን ጋዝ ደግሞ 138 × 32 = 4416 ግራም ይመዝናል። 4416 ለ31 ሲካፈል 142 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 1 ግራም ፎስፈረስ ያበቀለው አልጌ ሲበሰብስ 142 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃል። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን 8.3 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለሆነም 1 ግራም ፎስፈረስ በ17 ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ሊያሟጥጥ ይችላል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ከአየር የሚገባው ኦክስጅን ጉድለቱን በከፊል ይተካል፤ የስሌቱ ትምህርት ግን ግልጽ ነው።

ከተክል የተወሰደ ንድፍ

ጆሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራው ሲቀርብላቸው ቅርጹን ከመንደፋቸው በፊት የኩሬውን ሥነ ምኅዳር አጠኑ። በ1986 የተጠናቀቀው ሥራ ሁለት ግዙፍ ቅርጾች አሉት፤ አንደኛው ሳጂታሪያ የተባለውን የውኃ ዳር ተክል፣ ሁለተኛው ቴሪስ የተባለውን ፈርን ይመስላል። ሁለቱም በብረት አጥንት ላይ በተረጨ ኮንክሪት የተሠሩና የሸክላ ቀለም ያላቸው ናቸው።

የእያንዳንዱ ክፍል ቅርጽ ተግባር አለው። እንደ ሹሩባ የተጎነጎኑት ሥሮች የማዕበሉን ጉልበት ሰብረው ዳርቻውን ከመሸርሸር ይጠብቃሉ። በሥሮቹ መካከል ያሉት ክፍተቶች ውኃውን ወደ ትንንሽ መኖሪያዎች ይከፋፍሉታል፤ በዚያም ተክሎችና ዓሦች ይጠለላሉ። ቅጠሎቹ ለዔሊና ለወፍ ማረፊያ ደሴቶች ናቸው። ጎብኚዎች ደግሞ በሥሮቹና በግንዶቹ ላይ እንደ ድልድይ ተራምደው ወደ ኩሬው መሃል ይዘልቃሉ። በዳርቻው የተተከሉት የአካባቢው ተክሎች አፈሩን ይይዛሉ፤ ንጥረ ምግብም ይወስዳሉ።

የመድኃኒቱ ወሰን

ይህ ሲባል ግን ቅርጹ ፎስፈረስን አያጠፋም። ተክሉ የወሰደው ፎስፈረስ ተክሉ ታጭዶ ካልተወሰደ፣ ሞቶ ሲበሰብስ ብዙው ወደ ውኃው ይመለሳል። ስለዚህ ማዳበሪያው ከምንጩ ካልተገታ የትኛውም ውበት ኩሬን አያድንም። የሥራው ታላቅ ፋይዳ ሰውን ወደ ውኃው ማቅረቡ ነው፤ ኩሬውን ከሩቅ የሚያይ ሰው ሕመሙን አያስተውልም፤ በላዩ የሚራመድ ግን የውኃውን ቀለምና ሽታ ለማየትና ለመጠየቅ ይገደዳል።

ችግሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሀገራችን የቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ማይክሮሲስቲስ በተባለው መርዝ አመንጪ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ መጠቃቱ በተመራማሪዎች ተመዝግቧል። እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በአካባቢያችሁ ወዳለው ኩሬ ወይም ሐይቅ ስትሄዱ ውኃውን ብቻ አትመልከቱ፤ ፊታችሁን ወደ ዳገቱ መልሱና ዝናብ ከየት ምን አጥቦ እንደሚያመጣ ጠይቁ።