ሳላ በቀትር የት ይውላል? የአዋሽ ፓርክ ጉብኝትና የሙቀት ሒሳብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማና በመተሐራ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። አስፋልቱ ፓርኩን ለሁለት ከፍሎታል፤ በስተደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳና የአዋሽ ፏፏቴ፣ በስተሰሜን የፈንታሌ ተራራና የፍልውሃ ምንጮች ይገኛሉ። ይሁን እንጂ አብዛኛው መንገደኛ ቁርሱን ከተማ በልቶ ስለሚነሣ እዚህ የሚደርሰው ፀሐይ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት ነው። በመስኮት አሻግሮ ሲመለከት ከደረቀ ሣርና ከግራር ቁጥቋጦ በቀር የሚያየው የለም። "እንስሳው አልቋል" ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል።

ይህ ድምዳሜ ከባሕር ማዶ ለእረፍት በሚመጡ ቤተሰቦች ዘንድ ይበልጥ ይበረታል። ከአትላንታ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በሃርትስፊልድ ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የምትገኘውን ኢስት ፖይንትን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። እዚያ የሚያድግ ልጅ ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ፣ በግራንት ፓርክ ባለው የአትላንታ መካነ አራዊት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተውን የአፍሪካ ሳቫና ክፍል መጎብኘት ይችላል። በዚያ ስፍራ ውኃው፣ ጥላውና መኖው የተሰናዳው ጎብኚ በሚበዛበት ሰዓት እንስሳው እንዲታይ ተደርጎ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ አትላንታ መብረር ስለጀመረ፣ ይኸው ልጅ ትምህርት ሲዘጋ ከወላጆቹ ጋር አዲስ አበባ ለመድረስ መንገዱ ቀንሶለታል። አዋሽ ሲደርስም የሚጠብቀው በመካነ አራዊቱ የለመደውን ነው። በሜዳው ላይ ግን ሰዓት የሚቆርጠው እንስሳው ነው፤ እንስሳውም የሚቆርጠው በሰውነቱ የሙቀትና የውኃ ሒሳብ ነው።

የሒሳቡ ጥሩ ማሳያ ሳላ ነው። ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተጠለፈ የሚመስለው፣ ቀንዶቹ እንደ ጦር ቀጥ ያሉት ይህ እንስሳ የአዋሽ መለያ ሆኖ ቆይቷል። በአዋሽ ቆላ በሞቃቱ ወራት የቀትር ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይደርሳል። የአካባቢው አየር ከሰውነት በላይ ሲሞቅ ሙቀት ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ለማንኛውም ደመ ሞቃት እንስሳ ሰውነትን የማቀዝቀዣው መንገድ ውኃ ማትነን ብቻ ይሆናል። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ውኃ በቅርብ ላለው ይህ ርካሽ ዋጋ ነው፤ ለሳላ ግን ውድ ነው።

ስለዚህ ሳላ ሌላ መንገድ ይከተላል፤ ሙቀቱን በማስወገድ ፈንታ ያጠራቅመዋል። በ1960ዎቹ በኬንያ ምርምር ያካሄደው አሜሪካዊው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ሪቻርድ ቴይለር፣ ውኃ የተከለከለ ሳላ በላቦራቶሪ ሙቀት ውስጥ ሲቆይ የሰውነቱ ሙቀት ከ45 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ድረስ ላቡን እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ሰው በዚህ ሙቀት በሕይወት አይቆይም። የዚህን ጥቅም ቀላል ስሌት ያስረዳል። 180 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳላ ሰውነቱ በ5 ዲግሪ እንዲሞቅ ቢፈቅድ፣ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ሥጋ በየዲግሪው 3.5 ኪሎ ጁል ያህል ስለሚይዝ በድምሩ 3,150 ኪሎ ጁል ያከማቻል። ይህን ሙቀት በላብ ለማስወገድ ቢሞክር ኖሮ ከ1.3 ሊትር ያላነሰ ውኃ ባጠፋ ነበር። ማታ ሜዳው ሲቀዘቅዝና ሰማዩ ሲጠራ ያከማቸውን ሙቀት ያለ ምንም የውኃ ወጪ ይለቀዋል።

አንጎልስ እንዴት ይተርፋል? ወደ ጭንቅላት የሚወጣው የደም ቧንቧ በሳላና በመሰሎቹ ከአንጎል ሥር ወደ ብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች ይበተናል። መረቡ በአፍንጫ እርጥበት ቀዝቅዞ በሚመለስ ደም የተከበበ ነው። ሞቃቱ ደም ወደ አንጎል ከመግባቱ በፊት ሙቀቱን ለቀዝቃዛው ያስረክባል። የመኪና ራዲያተርን አሠራር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ቆየት ብሎ በነጻ በሚኖሩ የአረቢያ ሳላዎች ላይ የተደረጉ ልኬቶች ደግሞ ዋናው ጥቅም አንጎልን ከመቃጠል ማዳን ብቻ እንዳልሆነ አመልክተዋል። ላብ እንዲወጣ የሚያዘው አንጎል ነውና፣ አንጎሉ ሲቀዘቅዝ ትእዛዙ ይዘገያል፤ ውኃም ይቆጠባል።

የጉብኝቱ የሰዓት ሠሌዳ የሚወጣው ከዚህ ነው። ሲነጋ፣ 12 ሰዓት ላይ፣ ሳላ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ ነው፤ ገላጣው ሜዳ ላይ ይግጣል። ደረቅ ሣርና ቅጠልም ከሌሊቱ አየር እርጥበት ስለሚስብ የማለዳ ግጦሽ መብል ብቻ ሳይሆን መጠጥም ጭምር ነው። 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ መንጋው ወደ ግራር ጥላ ይሰበሰባል፤ ከጥላው ሥር ቆሞ ሲውል ከመንገድ ላይ ሆኖ መለየት ያስቸግራል። ጉብኝቱ እንደገና ዋጋ የሚኖረው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። አጉሊ መነጽር እንኳ በቀትር ብዙ አይረዳም፤ ከጋለው መሬት የሚነሣው አየር ብርሃኑን እየሰበረ ምስሉን ያርገበግበዋል። እንግዲህ በማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ማታ የሚመለስ ቤተሰብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርሰው ሁለቱ መልካም ሰዓቶች መሐል ላይ ነው። አንድ ሌሊት እዚያው ማደር ቅንጦት ሳይሆን የጉብኝቱ ዋና አካል ነው።

የአዞ ሒሳብ የተገላቢጦሽ ነው። ደሙ ከአካባቢው ጋር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ጠዋት ለመሞቅ ፀሐይን ይፈልጋል። ሳላ ጥላ ሲፈልግ አዞ ከፏፏቴው በታች ባለው የወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ይሰጣል። አስተዋይ አስጎብኚ እንግዶቹን ከሜዳው ወደ ወንዙ የሚያዞረው በዚህ ሰዓት ነው።

ከፏፏቴው አካባቢ ደግሞ በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ አዋሽን ያስጠራ ትዕይንት ይታያል፤ አብዛኛው ጎብኚ ግን "ዝንጀሮ ነው" ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ወንዝ ላይ ሁለት የዝንጀሮ ዓይነቶች ይገናኛሉ። ከፏፏቴው በላይ የሚኖረው አኑቢስ ነው፤ መላ ሰውነቱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ፣ ፊቱ ጠቆር ያለ ነው። ብዙ ወንዶችና ብዙ ሴቶች በአንድ መንጋ ይኖራሉ፤ ሴቷም ከተወለደችበት መንጋ አትወጣም። ወደ ታች፣ ወደ ደረቁ ሸለቆ ያለው ሃማድራያስ ነው። ወንዱ እንደ ካባ የተደረበ ብርማ ጎፈር አለው፤ ፊቱና መቀመጫው ቀላ ያለ ነው። እያንዳንዱ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ለብቻው ይጠብቃል፤ አንዷ ራቅ ካለች አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል። በሁለቱ ግዛቶች መሐል ደግሞ ዲቃሎቹ ይኖራሉ። ጎፈራቸው ከፊል ብርማ፣ ከፊል ቡናማ ነው።

ኡሊ ናግል ይህን ድንበር መርምሮ ጽሑፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር። በዚያው ዓመት ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ በፓርኩ የጀመሩት ጥናት ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል። ጥያቄው ከዝንጀሮ አልፎ ይሄዳል፤ ሁለት ዓይነት እንስሳት እየተዳቀሉ ሳለ ለምን አንድ ሆነው አይቀሩም? ከመልሱ አንዱ ክፍል በባሕርይ ውስጥ ተገኝቷል። ዲቃላው ወንድ ሴቶችን ለመሰብሰብ ይሞክራል፤ ግን እንደ ሃማድራያሱ አይሳካለትም። ይህን በዓይን ለማየት የሚሻ ሰው ገና ጎሕ ሲቀድ ገደሉ ሥር መገኘት አለበት። ሃማድራያሶች ሌሊቱን ከአውሬ ሸሽተው በገደል ግድግዳ ላይ ያድራሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ጥቂት ሞቀው፣ ተፋትገውና ተጣልተው ወደየግጦሻቸው ይበተናሉ።

አንበሳ በአዋሽ ከሚታይ ይልቅ ይሰማል። ይህም የራሱ ምክንያት አለው። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከላይ ያለው አየር ከታችኛው ይልቅ ሞቃት ይሆናል፤ ድምፅ በሞቃት አየር ስለሚፈጥን ወደ ላይ የሚያመልጠው ግሣት ተቆልምሞ ወደ መሬት ይመለሳል። በቀን ወደ ሰማይ የሚበተነው ድምፅ በጸጥተኛ ሌሊት ኪሎ ሜትሮችን ይሻገራል።

ስለ አጎበኛኘቱ ብዙ መባል ባያስፈልግም፣ አንድ ነገር አይታለፍም። እንስሳት የቆመን መኪና እንደ አንድ ትልቅ ነገር ያዩታል፤ ልጅ በመስኮት ወጥቶ ሲቆም ያ ቅርጽ ይፈርሳል፤ መንጋውም ይሸሻል። ሞተር ማጥፋት፣ በነፋሱ ፊት ለፊት መቅረብ፣ በእግር ሲሄዱ ከፓርኩ ስካውት አለመለየት ይበቃል። እንሹ የምትባለውን ትንሽ ሚዳቋ መሰል እንስሳ ጥንድ ጥንድ ሆና ከቁጥቋጦ ሥር ማግኘት የሚቻለው በእንዲህ ያለ ዝግታ ነው። ዕድል ከቀናም ኮሪ የተባለው ግዙፍ የሜዳ ወፍ ሲራመድ፣ ደማቅ ቀይ ንብ በል ጀርባው ላይ ተቀምጦ የሚነሡትን አንበጣዎች ሲለቅም ይታያል።

የወሩ ምርጫም ከሰዓቱ ያላነሰ ነው። ኢስት ፖይንት ባለችበት ፉልተን ካውንቲ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በአውሮፓውያኑ ሜይ መጨረሻ ሆኖ በኦገስት መጀመሪያ ይከፈታሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰኔ ሲገባ አዋሽ ይሞቃል፤ ግን ሣሩ አጭር ስለሆነ እይታው ክፍት ነው፤ ውኃ የሚጠጡት እነ ከርከሮና አጋዘንም ከወንዙ አይርቁም። ሐምሌ ሲጋመስ ዝናቡ ይበረታል፤ ሣሩ ያድጋል፤ እንስሳቱ ይበተናሉ፤ መኪናም በጭቃው ይያዛል። ስለዚህ ዘመድ ጥየቃውን ለኋላ አድርጎ አዋሽን በመጀመሪያው ሳምንት መጎብኘት ይመረጣል። አክስቶች ቅር ሊላቸው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲባል "እንስሳው አልቋል" የሚለው አነጋገር ከሥሩ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሥርቶ በ1969 በሕግ የጸደቀው ፓርክ የተከለለው ከረዩዎችና ሌሎች አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት በነበረ መሬት ላይ ነው። በዚሁ ሸለቆ ሰፋፊ የሸንኮራና የጥጥ እርሻዎች የወንዙን ዳርቻ ሲይዙ ከብቱ የሚሄድበት ቦታ ጠበበ፤ ድርቅ ሲመጣ ወደ ፓርኩ ይገባል። ሣሩ ሲጋጥ ቁጥቋጦ ይስፋፋል፤ ቁጥቋጦ ሲስፋፋ የሳላ ሜዳ ይጠባል። በምዕራቡ በር በኩል ያለው ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሸፍኗል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ቅልጥ ዐለት ከሥር እየገባ መሬቱን ሲያናውጥ በመክረሙ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል። ወደዚያ የሚያቀና ቤተሰብ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ከመነሣቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

የሜዳ አህያ ካላየሁ የሚል ልጅ ከአዋሽ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወደ አላይደጌ ሜዳ መዝለቅ ይኖርበታል። በዚያ ያለው ግሬቪ የተባለው፣ መስመሩ የቀጠነና ጆሮው የሰፋ ዓይነት ነው። እንደ ሳላ ሙቀቱን አጠራቅሞ ያለ ውኃ የመዝለቅ ጥበብ የለውም፤ በተለይ የምታጠባ እናት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መጠጣት ስላለባት ግልገሏን ይዛ ከውኃው ብዙ መራቅ አትችልም። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ ሜዳውን ሲወር፣ የቤት ከብትም ውኃውን ሲጋራ፣ በቅድሚያ ስፍራውን የምትለቀው ይህችው የምታጠባዋ ናት።