የሣር ሜዳው ትንሽ ዓሣ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከሥሩ የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

በሰሜን አሜሪካ መካከለኛ ክፍል ፕሬሪ እየተባለ የሚጠራ ሰፊ የሣር ሜዳ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው የእርሻ ማሳ ሆኗል። በዚህ ምድር ላይ ቀስ ብለው እየተጠማዘዙ የሚፈሱ ትናንሽ ጅረቶች አሉ። በድርቅ ወራት የአንዳንዶቹ ፍሰት ይቋረጥና ውሃው በየጉድጓዱ ተጠራቅሞ ይቀራል።

ከእነዚህ ጅረቶች ነዋሪዎች አንዱ የቶፒካ አብረቅራቂ ዓሣ ነው። ስሙን ያገኘው በካንሳስ ግዛት ከምትገኘው ከቶፒካ ከተማ ሲሆን፣ ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ርዝመቱ ከ8 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ዕንቁላሉን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው የፀሐይ ዓሣ በሚባለው ሌላ ዓሣ ጎጆ ላይ ነው። የፀሐይ ዓሣው ጎጆውን ከደለል ስለሚያጸዳና ከጠላት ስለሚጠብቅ፣ ትንሹ ጎረቤቱም የዚሁ ተጠቃሚ ይሆናል።

ይህ ዓሣ ቀድሞ በካንሳስ፣ በሚዙሪ፣ በኔብራስካ፣ በአዮዋ፣ በሚኒሶታና በደቡብ ዳኮታ በብዛት ይገኝ ነበር። ኋላ ግን ከብዙዎቹ ጅረቶች ጠፋ። ለመጥፋቱ ዋናው ምክንያት በመሬቱ ላይ የተካሄደው ሥራ ነው። ሣሩ ሲታረስ ዝናብ አፈሩን አጥቦ ወደ ጅረቱ አስገባው፤ ደለሉም የጠጠሩን ወለል ሸፈነ። ጠመዝማዛው ጅረት ውሃው ቶሎ እንዲፈስ ተብሎ እንደ ቦይ ቀጥ ተደረገ። ለከብት መጠጥና ለጎርፍ መከላከያ የተሠሩት ግድቦች የዓሣውን መተላለፊያ ዘጉ፤ በኩሬዎቻቸው የተጨመረው ባስ የተባለ አዳኝ ዓሣም ወደ ጅረቱ እየወጣ ይበላው ጀመር። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲታይ ለገበሬው ጠቃሚ ነበር፤ በአንድነት ግን ዓሣውን ማደሪያ አሳጡት።

እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ መንግሥት ይህን ዓሣ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው እንስሳት መዝገብ አስገባው። ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ደለል አይጠርግም። ጅረት አቅጣጫውን ሲለውጥ ከጎኑ ትቷቸው የሚሄድ ማጭድ መሰል ኩሬዎች አሉ። በአዮዋና በሚኒሶታ እንዲህ ያሉት በደለል የተሞሉ ኩሬዎች እንደገና ተቆፈሩ፤ ዓሣውም በጎርፍ ጊዜ እየገባ ተራባባቸው። ብዙዎቹ ኩሬዎች በግል መሬት ላይ ስለሚገኙ ሥራው ያለ ገበሬዎቹ ፈቃድ ባልተቻለም ነበር። በሚዙሪም ከ2013 ጀምሮ በማራቢያ ጣቢያ ያደጉ ዓሦች ወደ ጅረቶች ተለቀዋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ዓሣን ለመጠበቅ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ውሃው የሚወርድበትን መሬት ጭምር መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ነው።

ጥያቄዎች

1. የፀሐይ ዓሣ ለቶፒካ አብረቅራቂ ዓሣ ምን ይጠቅመዋል?
2. ዓሣው ከብዙ ጅረቶች የጠፋባቸውን ምክንያቶች በቅደም ተከተል ዘርዝሩ።
3. «ሕግ ብቻውን ደለል አይጠርግም» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
4. ደለል፣ ተደቀነ፣ ማጭድ መሰል የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገቡ።
5. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ጅረት ከዳርቻው መሬት ጋር ያለውን ግንኙነት በአንድ አንቀጽ ግለጹ።