ሒሳብ ቁጥርና ሲም አይዋስም

ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው ቆላ ሽንኩርቱም ማሾውም የሚሸጠው በቃል ነው። ደላላ መሃል ይገባል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ኩንታሉ ተመዝኖ ይጫናል። ድሮ ብሩ ከመኪናው ጎን ተቆሞ ይቆጠር ነበር። አሁን ገዢው ስልኩን አውጥቶ «ይኸው፣ ገብቶልሃል» ይላል፤ ሻጩም በገዢው ስልክ ላይ ያለውን ደረሰኝ አይቶ መርቆ ይሸኘዋል። በራሱ ስልክ ከባንኩ የገባ መልእክት ግን የለም። «ኔትወርክ ነው፣ እስከ ማታ ይገባል» ይሉታል፤ በአካባቢያችን ኔትወርክ ስንት ጊዜ ጠፍቶ እንደከረመ ስለሚያውቅ ያምናል። መኪናው ጣርማበርን አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ ደረሰኙ በስልክ የተቀነባበረ መሆኑ ይታወቃል።

ይህ ወንጀል ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 10 አሳሳች የኮምፒውተር ዳታ ተጠቅሞ ሰው ያታለለ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ስለ ቅጣቱ ይህ ይበቃናል። ባለጉዳዮቼ ሲሸነፉ የማየው ቀን አልፎባቸው ወይም ወረቀት አጥተው ነውና የማወራችሁ ስለዚያ ነው።

ተበዳዩ ሻጭ የመጀመሪያውን ሳምንት ደላላውን ሲለምን ያሳልፋል። በሁለተኛው ሽማግሌ ይልካል። በመሃሉ «ስልኬ ሞላ» ብሎ መልእክቶቹን ያጠፋል፣ ወይም ስልኩን ጠጋኝ ቤት አስገብቶ ፎርማት ያስደርጋል። ጠበቃ ቢሮ ሲደርስ በእጁ የቀረው ልጁ በቴሌግራም የላከለት የደበዘዘ ስክሪን ሹት ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ ማስረጃው ከየት እንደመጣና እንዳልተነካካ ይጠይቃል፤ ይህን የማስረዳት ግዴታ ያለበት ማስረጃውን ያቀረበው ወገን ነው። ስለዚህ መልእክቱ የገባበት ስልክ ራሱ ይቀመጥ። የተደወለላችሁበትን ቁጥርና ሰዓት በወረቀት ጻፉ። ከባንካችሁ በማኅተም የተረጋገጠ የሒሳብ መግለጫ አውጡ፤ በዚያ ቀን ምንም ብር አለመግባቱን የሚያሳየው እሱ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደረሰኝ ከሆነ «ኤፍቲ» ብሎ የሚጀምረውን መለያ ቁጥር ቅርንጫፉ በደቂቃ ውስጥ ሊያጣራው ይችላል። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ቢጣራ ኖሮ እኔም ሥራ አጥቼ እውል ነበር።

ገንዘቡ ከእናንተ ሒሳብ የወጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ የደወለ ሰው የሚስጥር ቁጥር ተቀብሏችሁ ከሆነ፣ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። ወዲያው ወደ ባንካችሁ ደውሉ፤ ለንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127። ቀጥሎ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አቤቱታውን በጽሑፍ አስገቡና ቀሪውን ቀንና ማኅተም አስመቱበት። ባንክ በእናንተ ቃል ብቻ የሌላ ሰው ሒሳብ የማገድ ግዴታ የለበትም፤ የፖሊስ ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል። በተግባር አንዳንድ ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤው እስኪመጣ ገንዘቡን ያዝ ያደርጋል፣ አንዳንዱ አሻፈረኝ ይላል። ስለዚህ ከባንክ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ «ነገ ገበያ ነው፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ» አይሠራም።

ፖሊስ ጋ ስትሄዱ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ጥያቄ አለ። በአዋጁ አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪው የግንኙነት መረጃን፣ ማለትም ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን፣ የማቆየት ግዴታ ያለበት ለ1 ዓመት ነው። ሌላ መረጃ የሚጠፋ ወይም የሚለወጥ ከመሰለ መርማሪው በአንቀጽ 30 መሠረት ለ3 ወር እንዲጠበቅ በጽሑፍ ማዘዝ ይችላል፤ ይህም አንድ ጊዜ ይታደሳል። ትእዛዙ በራሱ አይመጣም። አቤቱታችሁ ላይ «ይህ ስልክ ቁጥርና ይህ ሒሳብ ቁጥር የሚመለከተው መረጃ ተጠብቆ እንዲቆይ ይታዘዝልኝ» ብላችሁ አስጽፉ። የወረዳው መርማሪ ለአዲስ አበባ የሚጽፈው ደብዳቤ መልስ ወራት ሲፈጅ አይቻለሁ፤ ሽማግሌ ሲጠብቅ 10 ወር የቆየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ባዶ ማኅደር ነው።

አሁን ወደ ርእሳችን ልምጣ፤ ሰው ሲያፈርስ ያየሁት ይሄ ነውና።

የአጎት ልጅ ወይም የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ይመጣል። «የእኔ ሒሳብ ተዘግቷል፣ ከሰው የሚላክልኝ ብር አለ፣ በአንተ በኩል ይግባልኝ። ሺህ ብር ለሻይ ያዝ» ይላል። ወይም «መታወቂያዬ ጠፍቷል፣ ሲም በስምህ አውጣልኝ» ይላል። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ብሩ ይገባል፣ ይወጣል። ወር ሳይሞላ ፖሊስ የሚያንኳኳው የአጎት ልጅን በር አይደለም። ሒሳቡ በእናንተ ስም ነው፣ የወጣበት ፊርማ የእናንተ ነው፣ ሲሙ የተመዘገበው በእናንተ መታወቂያ ነው። ጓደኛ ስልኩን ዘግቷል።

«እኔ አላወቅኩም» ማለት በሕግ ትልቅ መከላከያ ነው፤ ያለ ሐሳብ ወይም ያለ ዕውቀት ማታለል የለምና። ግን በምን ታስረዱታላችሁ? የአዋጁ አንቀጽ 37 የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው ካለ በኋላ፣ መሠረታዊ ፍሬ ነገሮች ከተረጋገጡ ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ሲመስለው ሸክሙን ወደ ተከሳሹ ሊያዞረው እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህ ንፁህ ሆኖ ከመገመት ሕገ መንግሥታዊ መብት ጋር እንዴት እንደሚታረቅ እኛ ጠበቆች እንከራከርበታለን፤ ዳኞችም አንድ ዓይነት አይደሉም። እናንተ ግን ሸክሙ ሊዞር ይችላል ብላችሁ ተዘጋጁ።

በመጋቢት 2016 በንግድ ባንክ የሲስተም ችግር ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ሲወጣና ሲተላለፍ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ባንኩ ገንዘቡን ለመለሱት በወንጀል እንደማይጠየቁ ቃል ሰጠ፤ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ ግን ይፋ አወጣ። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚያውቀው የሒሳቡን ባለቤት ነው። «ጓደኛዬ ነው የላከብኝ» የሚል ዓምድ የለውም።

ሒሳብ ያዋሳችሁ ካላችሁ ዛሬ ባንክ ሄዳችሁ በጽሑፍ አስታውቁ። ጠያቂው የላከውን መልእክትና ድምፅ አታጥፉ፤ አላወቅኩም ለማለት የሚረዳችሁ እሱ ነው። በስማችሁ ስንት ሲም እንዳለ ኢትዮ ቴሌኮም ሱቅ ጠይቃችሁ የማታውቁትን አስዘጉ።

ስለ ዕርቅ ደግሞ በፍቅር ልቆጣችሁ። ይፋት የሽማግሌ አገር ነው፤ አበጋርም ቄስም ገብቶ ደም ሲያደርቅ አይቻለሁና አልንቅም። ነገር ግን ማታለል በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለም፤ እናንተ ታረቅን ስላላችሁ የዐቃቤ ሕግ ሥልጣን አይቀርም። በተግባር ከዕርቅ በኋላ የሚዘጋ መዝገብ ብዙ ነው፤ የማይዘጋም አለ። ጉዳቱ በሁለቱም ወገን ነው። ተበዳዩ «ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ማሾ ሲሰበሰብ» ተብሎ እጅ ተጨባብጦ አቤቱታውን ይተዋል፤ ማሾው ይሰበሰባል፣ ብሩ አይመጣም። ተጠርጣሪውም ገንዘቡን በሽማግሌ ፊት ቆጥሮ ከፍሎ ሲያበቃ ይከሰሳል፤ መክፈሉን የሚያሳይ አንድ መስመር ወረቀት የለውም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር እንኳ በፍርድ ቤት ከማመንና ከመሐላ ሌላ በጽሑፍ ብቻ እንደሚረጋገጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2472 ከ60 ዓመት በፊት ነግሮናል። ዕርቁ ይጻፍ፣ መጠኑና ቀኑ ይግባበት፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ ክፍያው በባንክ ይሁን፣ ቅጂው ማኅደሩ ውስጥ ይግባ።

ቀኑንም እወቁ። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች፣ ለምሳሌ ስም ማጥፋት፣ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረቡ ይቀራሉ። ለካሣ የሚቀርብ የፍትሐ ብሔር ክስ ይርጋው በመርሕ 2 ዓመት ነው፤ ወንጀሉ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ያ ይሠራል፣ እናንተ ግን በ2 ዓመቱ ቁጠሩ። የወንጀል ክሱ ሲታይም በዚያው መዝገብ ካሣ መጠየቅ ይቻላል።

በፎቶ የሚያስፈራሩሽ እህቴ፣ አንቺ ገንዘብ አትላኪ። አንዴ የተከፈለው ሁለተኛ ይጠይቃል። መልእክቱን አፍረሽ አታጥፊ፤ በማስፈራራት የሚያስቀጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 13 ማስረጃ እሱ ነው። ጣቢያ ስትሄጂ ሴት መርማሪ እንድትቀበልሽ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለተጠርጣሪ የምለው አጭር ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ መብታችሁ ነው፤ ለጉዞ የሚፈጀው ምክንያታዊ ጊዜ አይቆጠርም፣ መንገድ በጸጥታ ሲዘጋም ቀኑ ሲገፋ ይታያል። ዝም የማለት መብት አላችሁ። የሰው ስልክ ለመበርበር አዋጁ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጣቢያ ላይ ግን «ክፈተው» ሲባል ወዲያው የሚከፍት ብዙ ነው። አትታገሉ፤ ትእዛዝ እንዲቀርብ በትሕትና ጠይቁ፣ ስልኩ ሲያዝም ዓይነቱና መለያ ቁጥሩ በኤግዚቢት ዝርዝር ላይ መስፈሩን ሳታዩ አትፈርሙ። ያልተናገራችሁት ቃል ተጽፎ ከሆነ «በኋላ ለዳኛው እነግረዋለሁ» አትበሉ። ዋስትና ከተከለከላችሁ ይግባኝ የሚባለው በ20 ቀን ውስጥ ነው።

የትኛው ፍርድ ቤት? በአዋጁ የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣኑ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ በክልላችን ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ውክልና ይህን ሥልጣን የሚሠራበት የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በተግባር ዐቃቤ ሕግ ብዙውን የስልክ ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አድርጎ በአቅራቢያው ባለው ፍርድ ቤት ሲከስ ይታያል። ክሱ የተጠቀሰበትን ሕግ ከመጥሪያው ላይ አንብቡ፤ የሥልጣን መቃወሚያ የሚነሳው ክሱ እንደተነበበ ነው።

ከሳዑዲ ለምትደውሉልኝ አንድ ነገር። እህታችሁ በስማችሁ ልትከስ ብትፈልግ «ጠቅላላ ውክልና» አይበቃትም፤ ለመክሰስና ለመከራከር በግልጽ የተሰጠ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ውክልናው በቆንስላ ተረጋግጦ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማለፍ አለበት። በዋትሳፕ የተላከ ፎቶውን አይቀበሉትም።

ለጠበቃ የሚከፍል ገንዘብ የሌለው ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመድብለት በመጀመሪያው ቀጠሮ በቃል ይጠይቅ፤ ጥያቄው በመዝገቡ ላይ መስፈሩንም ያረጋግጥ። ተበዳይ ደግሞ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ ስለሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ፤ በወረዳ ፍርድ ቤት ግቢ ማን እንዳለ ሬጅስትራሩ ይነግራችኋል። ስትሄዱ የገንዘብ አቅም እንደሌላችሁ የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሒሳብ መግለጫውንና ስልኩን ከነቻርጀሩ ይዛችሁ ሂዱ።