ሲስተሙ ፈቀደ ማለት ባለቤቱ ፈቀደ ማለት አይደለም
የኢንፎርሜሽን ደህንነት ትምህርትና አማና



ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን። በዚህ ሴሚስተር በኢንጂነሪንግ፣ በኮምፒውተር ሳይንስና በማኔጅመንት ትምህርት ክፍሎች ያለን ብዙዎቻችን የኢንፎርሜሽን ደህንነት ወይም የቴክኖሎጂ ማኔጅመንት ኮርስ እየወሰድን ነው። ለፈተና የሚሸመደዱ ቃላት ብዙ ናቸው። የዛሬው ትምህርታችን ግን በሁለቱ ኮርሶች መሃል ባለ አንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፦ አንድ ሲስተም በሩን ስለከፈተልን መግባት ተፈቅዶልናል ማለት ነውን? ጥያቄው በመጽሐፍ ብቻ ያለ አይደለም። በ2016 ዓ.ል በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ተማሪዎች በአንድ ሌሊት ተፈትነውበታል።

ሦስቱ ምሰሶዎች

የመረጃ ደህንነት በሦስት ምሰሶዎች ላይ ይቆማል፤ ምስጢራዊነት፣ ምሉዕነትና ተደራሽነት ይባላሉ።

ምስጢራዊነት ማለት መረጃውን እንዲያይ ከተፈቀደለት ሰው ውጭ ማንም እንዳያየው ማድረግ ነው። ይህ ለሙስሊም ተማሪ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ሱረቱ ኑር የሰው ቤት ከመግባታችን በፊት እንድናስፈቅድ፣ ሱረቱል ሑጁራት ደግሞ የሰውን ነውር እንዳንሰልል ያስተምሩናል። በሙያውም ቢሆን የቀደሙት ሙስሊሞች አሻራ አለበት። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል-ኪንዲ፣ በአንድ ቋንቋ የትኛው ፊደል ምን ያህል እንደሚደጋገም በመቁጠር የምስጢር ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈታ ጽፏል። ዛሬ በክሪፕቶግራፊ ክፍል የድግግሞሽ ትንተና እየተባለ የሚሰጠው ይኸው ነው። አንዱን ፊደል በሌላ ፊደል መተካት ብቻውን ምስጢር እንደማይጠብቅ ከዚህ እንማራለን።

ምሉዕነት ማለት መረጃው ያለ ፈቃድ ሳይቀየር፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት መቆየቱ ነው። በቆቦና በአካባቢዋ መድረሳ የቀራን ልጆች ይህን ከኮምፒውተር በፊት በሉሕ ላይ አይተነዋል። ደረሳው የያዘውን ለኡስታዙ ይቀራል፤ ኡስታዙ በቃሉ ካለው ጋር ያስተያያል፤ አንዲት ሐርፍ ከተዛነፈች ያስቆመዋል። በኮምፒውተር ይህን ማስተያየት የሚሠራው ሐሽ የሚባለው ስሌት ነው። ፋይሉ ሲላክ አጭር አሻራ ይወጣለታል፤ ሲደርስ አሻራው እንደገና ይሰላል፤ በመሃል አንዲት ፊደል ብትቀየር ሁለቱ አሻራዎች አይገጥሙም።

ተደራሽነት ማለት መረጃው ወይም አገልግሎቱ ባለቤቱ በፈለገው ሰዓት መገኘቱ ነው። ይህን ለቆቦ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2013 ክረምት፣ እንደገናም በ2014 ነሐሴ፣ ጦርነቱ ከተማዋን ሲያዳርሳት ባንክ ተዘግቷል፤ ስልክ ተቋርጧል። በባንኩ መዝገብ ላይ ያለው ቁጥር እንደነበረ ነው፤ ግን ለዱቄት መግዣ አልደረሰም። ሁለቱ ምሰሶዎች ቆመው ሦስተኛው ሲወድቅ እንዲህ ነው።

የመጋቢት 2016 ሌሊት

የ1445 ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዓርብ ሌሊት እስከ ቅዳሜ መጋቢት 7 ማለዳ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ችግር ገጠመው። ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ከኤቲኤም ማውጣትና ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክና በቴሌግራም ከግቢ ግቢ ተዳረሰ፤ በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ተማሪዎች ተሰለፉ። ባንኩ ነገሩን ሲያውቅ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። በኋላ እንደተገለጸው በነዚያ ሰዓታት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ግብይት ተካሂዷል፤ አላግባብ የተወሰደው ደግሞ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ አስታወቀ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። በፈቃዳቸው የሚመልሱ እንደማይከሰሱ ተነገረ። ብዙው ገንዘብ ተመለሰ፤ ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶ ግን ባንኩ ለሕዝብ ይፋ አደረገ።

የኮርሱ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ የወደቀው የትኛው ምሰሶ ነው? የማንም የይለፍ ቃል አልተሰረቀም። ኤቲኤሞቹም እየሠሩ ነበር። የወደቀው ምሉዕነት ነው።

አንድ የባንክ ሲስተም ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል መሥራት አለበት፤ ጠያቂው ማን እንደሆነ ያረጋግጣል፣ ቀሪ ሂሳቡን ያነባል፣ የተጠየቀው ከቀሪው እንደማይበልጥ ያነጻጽራል፣ ከሂሳቡ ቀንሶ ይመዘግባል። አንዱ ከጎደለ ሁሉም መሰረዝ አለበት። በዳታቤዝ ኮርስ አቶሚሲቲ የምንለው ይህን ነው፤ ወይ ሙሉው ይፈጸማል፣ ወይ ምንም አይፈጸምም። ከነዚህ አንዱ ብቻ እንኳ ቢዘለል፣ የቀሩት ሁሉ ትክክል ሆነው ሳለ ውጤቱ ሐሰት ይሆናል። ባንኩ አገልግሎቱን ማቋረጡም ትምህርት አለው፤ ምሉዕነትን ለማዳን ሲባል ተደራሽነት ለሰዓታት ተሠዋ። እንዲህ ዓይነቱን ምርጫ ቀድሞ ያላሰበበት ድርጅት በችግሩ ሰዓት ሊወስን አይችልም።

የማኔጅመንቱ ድርሻ

በቴክኖሎጂ ማኔጅመንት ኮርስ የለውጥ አስተዳደር የሚባል ምዕራፍ አለ። ብዙዎቻችን ለፈተና ብቻ አንብበን እናልፈዋለን። ፍሬ ነገሩ አራት ነጥብ ነው።

1. ለውጡ በሥራ ላይ ባለው ሲስተም ከመግባቱ በፊት በመሞከሪያ ሲስተም ይፈተሻል። የሚፈተሸው ሊሠራ የሚገባው መሥራቱ ብቻ አይደለም፤ ሊከለከል የሚገባው መከልከሉም ነው። 1,000 ብር ያለው ሰው 500 ሲያወጣ ማየት አይበቃም፤ 5,000 ሲጠይቅ እምቢ መባሉንም ማየት ያስፈልጋል።

2. ለውጡን የሠራው ሰው ራሱ አያጸድቀውም፤ ሌላ ሰው አይቶ ይፈርማል።

3. ነገሩ ቢበላሽ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ ቀድሞ ይዘጋጃል።

4. ወሰንና ማንቂያ ይኖራል። አንድ ሂሳብ በሌሊት ከልማዱ ውጭ ብዙ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ሲጀምር ሥራ ላይ ያለው ባለሙያ ወዲያው እንዲያውቅ ይደረጋል።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ እናስተውል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። መጻፍና ምስክር ማቆም ወንድምን መጠራጠር አይደለም፤ ወንድምን ከሐሜትና ከራሱ ነፍስያ መጠበቅ ነው። አንድን ሰው ብቻውን ከብዙ ገንዘብ ጋር ትቶ «እናምነዋለን» ማለት ለዚያ ሰው ማዘን አይደለም።

የተጠቃሚው ድርሻ

ኢንጂነሩም ማኔጀሩም ሥራቸውን ሳይጨርሱ የቀሩበት ሌሊት ግን ይመጣል። ያን ጊዜ የሚቀረው አንድ መቆጣጠሪያ የሰውየው ልብ ነው። በወቅቱ ከተማሪዎች አፍ ብዙ የተሰሙ ሦስት ሰበቦች አሉ፤ አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

«ማሽኑ ራሱ ነው የሰጠኝ።» ማሽን የገንዘብ ባለቤት አይደለም። በቆቦ ገበያ ማሽላ ሸምተን ነጋዴው 10 ብር መመለስ ሲገባው ተሳስቶ 100 ብር ቢመልስልን፣ 90ው ብር የኛ እንደማይሆን መድረሳ ያልገባ ሕፃንም ያውቀዋል። ነጋዴው በማሽን ስለተተካ ሑክሙ አይለወጥም።

«የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ማንም አይጎዳም።» ባንክ የሚሠራው በአስቀማጮች ገንዘብ ነው። ከራያ ተነስታ ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት ለእናቷ የላከችው፣ ገበሬው ጤፉን ሸጦ ያስቀመጠው፣ የመስጂድ ማሠሪያ የተሰበሰበው፣ ሁሉም እዚያው ነው። ከተማዋ በጦርነት ውስጥ ሳለች ገንዘባችን አልደርስልን ሲል ምን እንደተሰማን እናውቃለንና፣ የሌላውን ገንዘብ ቀላል ልናደርገው አይገባም።

«ሁሉም እያወጣ ነበር።» የሰው መብዛት ሐራምን ሐላል አያደርግም። ደግሞም ከሙያ አንጻር የሎግ ትምህርት እዚህ አለ፤ ሲስተሙ መከልከሉን ቢዘነጋም መመዝገቡን አልዘነጋም። ማን፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት እንደወሰደ ተጽፎ ስለነበር ነው ባንኩ ሰዎቹን በስም የጠራቸው። ለሙእሚን ደግሞ ከዚህ በፊት የሚያስታውሰው ሌላ መዝገብ አለው።

ዑለሞቻችን እንደሚያስተምሩን የሰው ሐቅ ያለበት ተውበት ሐቁን ለባለቤቱ መመለስን ይጨምራል። ስለዚህ ከዚያ ሌሊት በእጁ የቀረ ነገር ያለው ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ጊዜው አልፏል፣ ረስተውታል ሳይል ይመልስ። ሶደቃ አድርጌ እገላገለዋለሁ ማለትም አያዋጣም፤ ባለቤቱ የታወቀ ገንዘብ የሚመለሰው ለባለቤቱ ነው።

ይህ መርህ ከገንዘብም አልፎ ይሄዳል። በላብራቶሪ ውስጥ ጓደኛችን ሳይዘጋው የሄደ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃሉ የተገመተ ዋይፋይ፣ ደካማ ሆኖ ያገኘነው የዩኒቨርሲቲ ሲስተም፣ ሁሉም ክፍት በር ናቸው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ወይም ሲስተም መግባት ምንም ሳይወሰድበት ራሱን ችሎ ወንጀል ነው። «ልሞክር ብዬ ነው» ማለት አያድንም። የሲስተምን ድክመት መፈተሽ የተከበረ ሙያ ነው፤ ግን ባለሙያው ቀድሞ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበላል። ሥራውን ከወንጀል የሚለየው ያ ወረቀት ነው።

በጀመዓችንና በቤታችን

የተማርነውን በቅርባችን ካልሠራንበት ትምህርቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሦስቱን ምሰሶዎች እያሰብን የሚከተሉትን እንሥራ።

• የአባላት ዝርዝር። ስም፣ ስልክና የዶርም ቁጥር የያዘ የሙስሊም ተማሪዎች ዝርዝር ተራ ፋይል አይደለም። በዚያው በመጋቢት 2016 የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ሃይማኖት የሚገልጽ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። ስለዚህ የማያስፈልገንን አንሰብስብ፤ በግሩፕ ላይ አንልቀቅ፤ የተመረቁትን ስም እንሰርዝ።

• የኢፍጣርና የሶደቃ ገንዘብ። በአንድ ወንድም የቴሌብር ሂሳብ ብቻ አይሰብሰብ። ገቢውን አንዱ ይያዝ፣ ወጪውን ሌላው ያጽድቅ፣ በየሳምንቱ ሁለቱ በመዝገብ ያስተያዩ።

• የቴሌግራም ግሩፕ። አስተዳዳሪዎች ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። ስልክ ቢጠፋ ግሩፑን የሚረከብ ሁለተኛ አስተዳዳሪ ከአሁኑ ይሰየም።

• የወረቀት ግልባጭ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። የቤተሰብ ስልክ ቁጥር፣ የሂሳብ መዝገብና የኃላፊዎች ስም በደብተርም ይኑር። ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በ*127# እንደሚሠራም እናስታውስ።

• እናቶቻችንና አባቶቻችን። ቆቦም ሆነ ገጠሩ ለዒድ ስንሄድ፣ ከውጭ የተላከላቸውን ገንዘብ ለማየት ስልካቸውን ከነምስጢር ቁጥሩ ለሌላ ሰው የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ማንበብ ስላልቻሉ እንጂ ስለሞኙ አይደለም። አጠገባቸው ቁጭ ብለን፣ ቀሪ ሂሳባቸውን በራሳቸው ጣት እስኪያዩ፣ ምስጢር ቁጥሩን ራሳቸው እስኪቀይሩ እናለማምዳቸው። «ከባንክ ነው፤ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ብሎ ለሚደውል ማንኛውም ሰው ስልኩን እንዲዘጉበት እንንገራቸው። አዲሱን ቁጥር እኛም ልጆቻቸው ባናውቀው ይሻላል፤ አማና ከቤት ይጀምራልና።

ለሐለቃ ውይይት

1. በጀመዓችን አሠራር ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የሚወስንበት ቦታ የት ነው? ሁለተኛ ሰው ቢጨመር ምን ይለወጣል?
2. ተደራሽነትን ለማዳን ምስጢራዊነትን የምናጎድልባቸው ጊዜያት አሉ? ምሳሌ ስጡ።
3. በፈተና ክፍል ሲስተሙ መልሱን በስሕተት ቢያሳየን ከኤቲኤሙ ጉዳይ በምን ይለያል?

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ነገ ከነገ ወዲያ ከመካከላችን የባንክ፣ የቴሌና የሆስፒታል ሲስተም የሚሠሩ ይወጣሉ። የሰው ገንዘብ፣ የሰው ምስጢርና የሰው ጤና መረጃ በእጃቸው ይሆናል፤ ማንም ሳያያቸው ሊከፍቱት የሚችሉትም ብዙ በር ይኖራል። አላህ (ሱ.ወ) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን፣ የሰውን ሐቅ ተሸክመን እንዳንገናኘው ይጠብቀን፣ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።