ወደ ኤቨረስት ሥር፦ ደገኛም ቢሆኑ ቀስ ይበሉ

ሉክላ በኔፓል ወደ ኤቨረስት ሥር የሚወስደው የእግር ጉዞ መነሻ ናት፤ ከፍታዋ 2,860 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ልዩነቱ እንጦጦን የመውጣት ያህል እንኳ አይመስልም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ «ከፍታ ለደገኛ ምኑ ነው?» ብሎ የዕረፍት ቀኖቹን ከዕቅዱ የሰረዘው ለዚህ ነበር።

እግርን ማለማመዱ ቀላል ነው፤ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ሸክም አዝሎ ከስድስት ኪሎ እስከ እንጦጦ ማርያም መመላለስ ይበቃል፣ የሚሄዱበትንም ጫማ በዚያው ማላመድ። የጉዞ ኢንሹራንሱ በሄሊኮፕተር ማውረድን የሚሸፍን መሆኑን አንብበው ይፈርሙ።

ችግሩ ያለው ናምቼ ባዛር ላይ ነው። በ3,440 ሜትር ላይ ባለችው በዚህች የገበያ መንደር ተጓዦች ከፍታውን ለመላመድ ሁለት ሌሊት ያድራሉ። አዘጋጁ ግን ጉልበት ተሰምቶት በማግሥቱ ወደ ቴንግቦቼ፣ ከዚያም 4,410 ሜትር ላይ ወደምትገኘው ዲንግቦቼ ገሠገሠ። ማታ ራሱን ቀስፎ ያዘው። እራት ሲቀርብለት የምስሩ ሽታ ብቻ አጥወለወለው። የማረፊያዋ ባለቤት ሳህኑን አንሥታ የዝንጅብል ሻይ አመጣችለት፤ ቀጥላም በጣቷ ቁልቁል መንገዱን አሳየችው። ነግቶ ወረደ። አንድ ቀን ለመቆጠብ ሦስት ቀን ከሠረ።

ደገኛነት ለጅማሬው ይረዳል እንጂ ለመድረሻው 5,364 ሜትር ዋስትና አይሆንም፤ በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉን ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አያሳድጉ። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት ይደሩ፤ ቀን ላይ ግን ሽቅብ ወጥተው ይመለሱ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለ ፈጽሞ ወደ ላይ አይቀጥሉ። እግር ከተንገዳገደ፣ ወይም ተቀምጠው ትንፋሽ ካጠረዎት ንጋትን እንኳ አይጠብቁ፤ ይውረዱ! የከፍታ ሕመምን ስለሚከላከለው ዳያሞክስ ክኒን ሳይነሡ ሐኪም ያማክሩ።

በማረፊያዎቹ ክፍሉ ርካሽ ነው፤ እራትና ቁርስ ግን እዚያው መብላት የተለመደ ውል ነው። ግድግዳው ስስ ጣውላ ሲሆን ምድጃ ያለው መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ብቻ ነው፤ የሚነደውም ያክ የሚባለው የደጋ ከብት ኩበት። የመኝታ ከረጢት ይያዙ፣ ስልክዎንም አቅፈው ይተኙ፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ዳል ባት፣ ማለትም ሩዝ በምስር፣ ካለቀ ይጨመርልዎታል። ከናምቼ በላይ ሥጋው በሰው ጀርባ ቀናት ተጉዞ የሚመጣ ስለሆነ ቢቀር ይሻላል። አዘጋጁ ሚጥሚጣና በሶ ይዞ ነበር፤ ሚጥሚጣው ሲጠቅም በሶው ትርፍ ሸክም ሆነ፤ የአካባቢው ነዋሪ ሸርፓዎች ጻምፓ የሚሉት የተቆላ የገብስ ዱቄት አላቸውና።

ጥሬ ገንዘብ ከናምቼ ሳያልፉ ያውጡ።

የሉክላ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያው 527 ሜትር ብቻ ነው፤ ጉም ከወረደ በረራ የለም። ከካትማንዱ የመመለሻ ትኬትዎን ሲቆርጡ ሁለት ሦስት ቀን ትርፍ ይተዉ።