ገበሬው ሚሊሻና ቤተሰቡ

ሚሊሻ ማለት እያረሰ የሚኖር፣ ሲጠሩት ግን ጠመንጃውን ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። ጆን ፓርከር እንዲህ ነበር። አሜሪካ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች በሌክሲንግተን ከሚስቱ ከሊዲያና ከሰባት ልጆቻቸው ጋር ይኖር ነበር። ቲቢ ይዞት ነበር። ቢሆንም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ንጋት ላይ ወደ 80 የሚሆኑ የአገሩን ሰዎች መርቶ በመቶዎች ከሚቆጠሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ፊት ቆመ። ከእነሱ ወገን ስምንት ሰዎች ተገደሉ፤ አንዱ የገዛ ዘመዱ ነበር። እሱም በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በበሽታው ሞተ። ነጻነት የታወጀው በ1776 ስለሆነ አላየውም። የልጅ ልጁ ቴዎዶር ፓርከር ግን በኋላ ባርነትን ታገለ።

በፈተና ሁልጊዜ የምንጠየቀው ማን እንደዘመተ ነው። እኔ ደግሞ እናንተን ልጠይቃችሁ፦ እቤት የቀረችው ሊዲያስ ያን ዓመት እንዴት አለፈችው?