ዲቃላው ግልገልና የአገሩ ግልገል በግጦሽ ላይ፤ የትኛው ቶሎ ያድጋል?

በመንዝና በአካባቢው ያላችሁ በግ አርቢዎች ሆይ፥ ከአዋሲ አውራ የተወለደ ግልገል በራሳችሁ ወይም በጎረቤት ጋጣ ሳታዩ አትቀሩም። አዋሲ ከእስራኤል አገር የመጣ ዝርያ ነው፤ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጓያ ማራቢያዎች ከመንዝ እናት በግ ጋር እየተዳቀለ ለገበሬ ሲታደል ቆይቷል። ዲቃላው ተለቅ ብሎ ስለሚታይ፥ አንዳንዱ ሰው የአገሩን አውራ ወዲያው አኮላሽቶ ሙክት ለማድረግ ይቸኩላል። አስቀድሞ መመዘን ይገባል።

ላት ዳብሶ መገመት ለገበያ ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይበቃም። ግልገሉን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ፥ ኋላም በየ30 ቀኑ መዝኑት። ሆዱን ሞልቶ ከመስክ የተመለሰ ግልገል ሚዛን ያሳስታልና፥ በማለዳ ሳይሰማራ በጆንያ አንጠልጥሉት፤ የጆንያውንም ክብደት ቀንሱ። ከዚያ ከአሁኑ ክብደት የልደቱን ቀንሳችሁ ለዕድሜው ቀን አካፍሉ። ለምሳሌ 2.4 ኪሎ ተወልዶ በ90 ቀን 10.5 ኪሎ የመዘነ የአገር ግልገል በቀን 90 ግራም ጨምሯል። 3 ኪሎ ተወልዶ በ90 ቀን 13.8 ኪሎ የደረሰ ዲቃላ በቀን 120 ግራም ጨምሯል ማለት ነው።

ወንድን ከወንድ፥ ሴትን ከሴት፥ መንታን ከመንታ ጋር አወዳድሩ። ነጠላ የተወለደውን ዲቃላ ከመንታው የአገር ግልገል አጠገብ አቁሞ «ዝርያው በለጠ» ማለት ስሕተት ነው፤ የበለጠው የጠባው ወተት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በአንድ መስክ ይሰማሩ። ለዲቃላው ማታ ማታ ፉርሽካ የሚጨመርለት ከሆነ ውድድሩ የግጦሽ መሆኑ ቀረ።

ግልገል ጡት እስኪጥል የሚያድገው በአብዛኛው በእናቱ ወተት ነው። ፈተናው የሚመጣው በበጋ፥ ሣሩ ሲደርቅ ነው። ትልቅ አካል ራሱን ለማቆየት ብቻ ብዙ መኖ ይፈልጋልና፥ በክረምት የቀደመው ዲቃላ በየካቲትና በመጋቢት እድገቱ ሊቆም፥ ሊከሳም ይችላል። ስለዚህ እስከ ሰኔ መመዘኑን አታቋርጡ፤ እስከዚያም የአገሩን አውራ አታኮላሹት።

የሞተውንም ቁጠሩ። ከ10 የአገር እናቶች 9 ግልገሎች በ10.5 ኪሎ ጡት ቢጥሉ 94.5 ኪሎ ይሆናል። ዲቃላ ከወለዱ 10 እናቶች 6 ብቻ ተርፈው እያንዳንዳቸው 13.8 ኪሎ ቢመዝኑ 82.8 ኪሎ ነው። ለየብቻ ሲታዩ የዲቃላዎቹ ቁመና ያስደስታል፤ ለባለቤቱ የተረፈው ግን ያነሰ ነው።

የልማት ሠራተኛም ሚዛኑን ይዞ በየደጁ ሲዞር፥ ግልገል የሞተበት ሰው ነገሩን ሊሸሽግ ይወዳልና፥ ከመመዘኑ በፊት የወለዱትን እናቶች ይቁጠር።